ከቀለሙ በፊት ፍሬኑ



የእድራችን አሮጌ ላንድሮቨር ቀለም ይቀባ የሚለው ሐሳብ በዝቷል። እኔ በበኩሌ አልስማማም። ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. ሲጀመር ከጦርነቱ ወዲህ ብረት ጠፍቶ ስለነበር አካሉ በአሉሚኒየም ተሠራ፤ በሁሩሙ ዝናብም እንደ ብረት አይዝግም። ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ የዛገው ቶሎ ይበየድ። የተጣመመ በር ባትላሜራ ያቃናዋል፣ የተሰበረ ባሌስትራም ቅጠሉ ብቻ ይቀየራል። ያለቀ የፍሬን ሸራና ጎሚኒ ግን ጥገና የለውም፤ አዲስ ነው የሚገባለት። ሶማሌ ተራ ርካሽ አሮጌ ዕቃ አለ ትላላችሁ። ለበር እጀታ ይሁን፤ ለፍሬን ግን እንዴት ይሆናል? በዚህ መኪና እኮ ምጥ የያዛት እህታችን ናት መቱ ሆስፒታል የምትሄደው! ስለዚህ የቀለሙ ገንዘብ ለፍሬን ይዋል። እሁድ በስብሰባው እንወስን።

የማኅበሩ ጸሐፊ