የዐቢይ ጾም እንግዳ

ሃምሳ አምስቱ የጾም ቀናት ተፈጽመው ማዕድ በሚሰፋበት በዚህ ዕለት፣ ስለ አንዲት የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናይት መጻፋችን አንዳንድ አንባቢዎችን ሳያስገርም አይቀርም። የቅዱሳን ገድል ሞልቶ ሳለ ስለ መድረክ ሰው ማውራት ምን አመጣው የሚሉን ይኖራሉ። እኛም ገድል ልንጽፍላት አልተነሣንም። ነገር ግን ኦድሪ ሄፕበርን በ1980 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣችው በዐቢይ ጾም ወራት ነበር፤ ያየችው ግን ጾምን ሳይሆን ረኀብን ነበር። ሰው የተራበ ወገኑን በምን ዓይን ሊያየው ይገባል የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከበዓል ማዕድ ሊለይ የማይገባው ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን።

ሄፕበርን እ.ኤ.አ. በ1929 በብራስልስ ከተማ ተወለደች። እናቷ ከኔዘርላንድስ መሳፍንት ወገን ነበረች፤ አባቷ ልጅቱ የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለች ቤቱን ጥሎ ሄደ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እናቷ ወደ ኔዘርላንድስ ይዛት ገባች፤ በአርንሄም ከተማና በአካባቢዋም በናዚ ወረራ ሥር አምስት ዓመት ያህል ኖረች። እ.ኤ.አ. በ1942 የአክስቷ ባል በወራሪዎቹ ተረሸነ። በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በነበረው የብርድ ወቅት ደግሞ ጀርመኖች የምግብን መንገድ በመዝጋታቸው በአገሪቱ ታላቅ ረኀብ ሆነ። ሕዝቡ የቱሊፕ አበባን ሥር እየቆፈረ እስከ መብላት ደረሰ፤ ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተም ይገመታል። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅም በምግብ እጦት ሰውነቷ ተጎዳ። ጦርነቱ ሲያበቃ በተባበሩት መንግሥታት ስም የመጣውን የእርዳታ ምግብ ከተቀበሉት ልጆች መካከል አንዷ እርሷ ነበረች።

ምኞቷ የባሌት ዳንሰኛ መሆን ነበር። ይሁን እንጂ በለንደን ያስተማረቻት መምህርት፣ ቁመቷና በጦርነቱ ዘመን የተጎዳው ሰውነቷ ለታላቅ ዳንሰኛነት እንደማያበቃት ነገረቻት። ረኀብ የዳንሱን በር ቢዘጋባትም የተውኔቱ በር ተከፈተላት። እ.ኤ.አ. በ1953 በታየው «ሮማን ሆሊደይ» በተባለው ፊልም የኦስካር ሽልማት ተቀበለች፤ ሽልማቱን በተቀበለችበት በ1954 ዓመት በኒውዮርክ የቴአትር መድረክ ደግሞ የቶኒ ሽልማትን አገኘች። በ1959 በወጣው «ዘ ነንስ ስቶሪ» ከቤልጅግ ወደ ኮንጎ ሄዳ ሕሙማንን የምታስታምም መነኵሲት ሆና ተጫወተች። በ1961 «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ»፣ በ1964 «ማይ ፌር ሌዲ» ተከተሉ። በጠቅላላው አምስት ጊዜ ለኦስካር ታጭታለች። ዝናዋ በገነነበት ሰዓት፣ ከ1967 በኋላ፣ ልጆቿን ለማሳደግ ስትል ለዓመታት ከፊልም ሥራ ራቀች። ስለ ዓለም የአትክልት ሥፍራዎች ያቀረበችው የቴሌቪዥን ተከታታይ ዝግጅትም ከሞተች በኋላ የኤሚ ሽልማት አስገኝቶላታል።

እንግዲህ ይህች ሴት ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ለዩኒሴፍ፣ ልዩ መልእክተኛ ሆና ስትሰለፍ የመጀመሪያ የመስክ ጉዞዋ ወደ ኢትዮጵያ ሆነ። መቀሌ ላይ 500 ያህል የተራቡ ሕፃናት የተሰበሰቡበትን የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ጎበኘች። ጾም ሰው በፈቃዱ የሚተወው ማዕድ ነው፤ መጨረሻውም የታወቀ ነው። ረኀብ ግን ፈቃድም ቀጠሮም የለውም። እነዚያ ሕፃናት በዚያ ዘመን ልጆች ለነበርነው ለእኛ እኩዮቻችን ነበሩ። እኛ የፋሲካን ዶሮ ስንጠባበቅ እነርሱ የሚጠባበቁት የእርዳታ መኪና ነበር። ለመከራው ምክንያቱ የዝናብ እጦት ብቻ አልነበረም፤ በሰሜኑ ክፍል ጦርነት ይካሄድ ነበርና። ከጉብኝቷ ጥቂት ሳምንታት በኋላም የወቅቱ መንግሥት የውጭ አገር የእርዳታ ሠራተኞች ከትግራይና ከኤርትራ እንዲወጡ ማዘዙ የሚታወስ ነው።

ሄፕበርን ከኢትዮጵያ ከተመለሰች በኋላ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ እየተዘዋወረች ለጋዜጠኞች ያየችውን ተናገረች። «ሦስተኛው ዓለም» የሚለውን አጠራር እንደማትወደው፣ ዓለም አንድ እንደሆነች አስረዳች። ከዚያም ወደ ሱዳን፣ ወደ ባንግላዴሽ፣ ወደ ቬትናም፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 ወደ ሶማሊያ ተጓዘች።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ የእኛን ረኀብተኛ ዓለም እንዲያየው የባዕድ ተዋናይት እንባ ማስፈለጉ ውርደት አይደለምን የሚል ነው። በእርግጥም ውርደት ነው፤ ነገር ግን ውርደቱ የእርሷ ሳይሆን ረኀቡን ላላዩት፣ አይተውም ለሸሸጉት ሁሉ ነው። ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል። በዚያ ዘመን የተነሡት ፎቶግራፎችና ፊልሞች የአገራችንን ስም ለረጅም ጊዜ ከረኀብ ጋር አጣብቀውታል። ሄፕበርንም ሕፃናትን ታቅፋ ፎቶግራፍ ተነሥታለች። የእርሷን ስም ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ የታቀፈቻቸው ሕፃናት ስም ግን ለእኛም አልደረሰንም። ይህን መካድ አንችልም።

ሆኖም የልዩነቱን ምክንያት ልብ ልንለው ይገባል። ካሜራ ዕድሜዋን ሙሉ ሲከተላት የኖረ ነገር ነው። ዝናን ፍለጋ ወደ መቀሌ መሄድ አያስፈልጋትም ነበር፤ ዝናውን ቀድሞውኑ ጠግባዋለች። ስለዚህ ፊቷን የተከተለውን ካሜራ ወደ ሌሎች ፊት መለሰችው። ስትናገርም ይህን ሰጠሁ አላለችም፤ ይህ ጎድሏል አለች እንጂ። በልጅነቷ የተቀበለችውን እንጀራ በስተርጅና ልትመልስ የመጣች ባለ ዕዳ እንጂ ከላይ ወደ ታች የምትመጸውት ባለጸጋ አልመሰለችም።

ይህን የምናነሣው ስላለፈው ለመተረክ ብቻ አይደለም። ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ዘይትና ዱቄት፣ ዶሮና እንቁላል ይዘው ወደ ድሆች ደጅ የሚሄዱ ወገኖች መብዛታቸው ደስ ያሰኘናል። ግን ደግሞ ከዘይቱ በፊት ካሜራው ሲገባ እናያለን። አሮጊቷ እናት ስጦታውን ከመቀበላቸው በፊት እንዲያለቅሱ፣ አልቅሰውም እንዲመርቁ፣ ምርቃቱንም ድምፅ አልተሰማም ተብሎ እንዲደግሙ ይጠየቃሉ። በማግሥቱ ጎረቤት ሁሉ የእርሳቸውን ችግር በየስልኩ ይመለከታል። ያቺ ተዋናይት ካሜራዋን ወደ ተራበው መለሰችው፤ እነዚህ ግን የተራበውን ይዘው ካሜራውን ወደ ራሳቸው ይመልሱታል። ምጽዋት በስውር ይሁን የሚለውን ትምህርት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ያደግን ሕዝብ ይህን በዝምታ ማለፋችን ያሳዝናል። እኛም ብንሆን በየጉባኤው የለጋሾችን ስም ከፍ አድርገን ስናስነብብ፣ የተቀባዩን ክብር ስንት ጊዜ እንደዘነጋን ልንመረምር ይገባናል።

ችግር ለማሳወቅ ፎቶግራፍ አይነሣ ማለታችን አይደለም። ያልታየ ረኀብ ምን ያህል ሰው እንደሚጨርስ የአገራችን ታሪክ መስክሯል። መቀሌና አካባቢዋም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት እንደገና ጦርነትንና ረኀብን በአንድነት ቀምሰዋል። የምንለው ይህ ነው፤ ሥዕሉ ለማን ጥቅም እንደተነሣ ይጠየቅ፤ ተቀባዩም አይሆንም የማለት መብት ይኑረው፤ አይሆንም ስላለም ዘይቱ አይከልከለው።

ሄፕበርን ከሶማሊያ በተመለሰች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ጥር 12 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ በስዊዘርላንድ በምትኖርባት መንደር በካንሰር ሕመም ዐረፈች። ዕድሜዋ 63 ዓመት ነበር። መቀሌ ላይ ያየቻቸው ሕፃናት፣ በሕይወት ያሉት፣ ዛሬ የልጆች አባትና እናት ሆነው በዚህ በዓል ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ ጎረቤታችን ሊሆን ይችላል። ዛሬ የጎረቤታችንን በር ስናንኳኳ እንጀራውን በቀኝ እጃችን እንያዝ፤ ስልካችንን ግን ቤታችን ትተነው እንሂድ።

በዓሉ የሰላምና የፍቅር በዓል ይሁንልን።