ከብሩ በፊት ለጋሹ!

"ሕይወቱን እንታደግ" የሚል ፖስተር ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ የታማሚው ፎቶ አለ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ፣ ለጉበት ንቅለ ተከላ የተጠየቀው ሚሊዮን ብር በትልቁ ተጽፏል። ጉበቱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ግን የለም። ብዙ ጊዜ ያልተጻፈው ገና ስላልታወቀ ነው።

ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ሕክምና የሚሄዱት ሕንድ ነው። የሕንድ ሕግ ደግሞ የቅርብ ዘመድ ካልሆነ በቀር ሕንዳዊ ከአካሉ ቆርጦ ለውጭ ዜጋ እንዲሰጥ አይፈቅድም። ታማሚው ለጋሹን ከአገሩ ይዞ መሄድ አለበት። ዝምድናቸው በኤምባሲ ይረጋገጣል፣ ፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ። አካል መሸጥና መግዛት እስከ 10 ዓመት ያሳስራል።

"ሰው እየሞተ ስለ ለጋሽ ይወራል እንዴ? መጀመሪያ ገንዘቡ ይገኝ" የሚሉ አሉ። ጊዜ የሚያባክነው ግን ይኸው አስተሳሰብ ነው። ወንድሙ ይሰጠዋል ተብሎ ቲኬት ይቆረጣል፣ ደልሂ ሲደርሱ ወንድምየው ራሱ ሄፓታይተስ ቢ ይገኝበታል። ይህ ዱብ ዕዳ መሆን አልነበረበትም፤ ቫይረሱ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ የአንድ እናት ልጆች አብረው ሊይዙት ይችላሉ። ሌላው የደም ዓይነቱ አይገጥምም፤ ሌላው ጉበቱ ላይ ስብ በዝቶበታል። የደም ዓይነትና የሄፓታይተስ ምርመራ፣ አልትራሳውንድም ቢሆን፣ እዚሁ አገር ቤት ከአውሮፕላን ቲኬት እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሠራሉ። ሲቲ ስካኑና የጉበቱ መጠን ልኬት እዚያ ይደርሳል።

ይህን ለቤተሰቡ መንገር የነበረበት ደላላው ነው። እሱ ግን የላብራቶሪ ወረቀት በስልክ ፎቶ ተልኮለት በሰዓታት ውስጥ "ፓኬጅ" ይቆርጣል። ለጋሽ መኖሩን ሳይጠይቅ ዋጋ የሚናገር ሰው ኮሚሽኑን እንጂ በሽተኛውን አላየም። በፓኬጁ ውስጥ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እዚያው የሚቆዩባቸው ወራት ኪራይ አለ? አዲሱን ጉበት ሰውነት እንዳይገፋው ዕድሜ ልክ የሚዋጠው መድኃኒትስ? እነዚህ ካልተቆጠሩ የተሰበሰበው ብር የሚበቃው ለግማሽ መንገድ ነው።

ከሁሉም የከፋው በቤት ውስጥ የሚደረገው ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ "ወንድምህ ሲሞት ቆመህ ልታይ ነው?" ይባላል። ለጋሹ ከጉበቱ እስከ 60 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል። የቀረው በወራት ውስጥ ያድጋል፤ እውነት ነው። ትንሽም ቢሆን የሞት አደጋ እንዳለው ግን አይነገረውም። ደህና ሆስፒታል ለጋሹን ብቻውን አስቀምጦ ያነጋግራል፤ እምቢ ካለም ለቤተሰቡ "በሕክምና ምክንያት አይሆንም" ብሎ ገመናውን ይሸፍንለታል። ይህን መብቱን ከመሄዱ በፊት ያወቀ ለጋሽ ስንቱ ነው? እሺ ብሎ ሰጥቶ ሲመለስ ደግሞ ለሳምንታት ከባድ ነገር አያነሳም፤ የቀን ሠራተኛ ከሆነ የሚቀርበትን ደመወዝ የሚተካ መስመር ፖስተሩ ላይ የለም።