የታቀፈችን ዶሮ ማን ያስነሣታል?

ባለፈው ሳምንት ከቡሬ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ በሕፃንነቷ እኔው የከተብኳት፣ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት የሆነች ወይዘሮ ናት። የልጆቿን ጤና ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ሲስተር፣ አንዲቱ ዶሮዬ እንቁላሏ ላይ ተኝታ አልነሣም ብላለች። ባለቤቴ ዘቅዝቀሽ ስቀያት፣ ይተዋታል ይላል። እኔ አሳዘነችኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?» አለችኝ።

ባልየውን አትፍረዱበት። የታቀፈች ዶሮ 21 ቀን ትተኛለች፤ ከዚያ በኋላም ጫጩቶቿን ይዛ ሁለት ወር ያህል ስትዞር እንቁላል አትጥልም። በቡሬ ወረዳ በአበሻ ዶሮዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው አንዲት ዶሮ በዓመት ወደ 4 ዙር ትጥላለች፤ ሁሉም ሲደመር 60 እንቁላል ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ትታቀፍ ቢባል ለልጆች የሚቀቀል፣ ለገበያም የሚወጣ እንቁላል አይተርፍም። ስለዚህ እኔ የምመክረው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ወቅቱን መርጦ ማስታቀፍ ነው። በሌላው ጊዜ ማስተው ይቻላል፤ ግን ዘቅዝቆ መስቀል፣ ውኃ ውስጥ መንከር፣ አፍንጫዋን በላባ መብሳት የሚባለው ሁሉ ስቃይ ነው። ጭድ በሌለው፣ አየር በሚገባው የቀርከሃ ቅርጫት ሥር መኖና ውኃ ሰጥቶ ሦስት አራት ቀን ማቆየት ይበቃል። ሆዷ ሲቀዘቅዝ ሐሳቧን ትቀይራለች።

ሆዷ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ለመታቀፍ የተዘጋጀች ዶሮ ከደረቷ በታች ላባዋ ይረግፍና ቆዳዋ ይገለጣል፤ ወደዚያ ቆዳ የሚሄደው ደምም ይበረክታል። እንቁላሉ የሚነካው ላባ ሳይሆን ይህን የሞቀ ቆዳ ነው። እኛ ነርሶች ያለ ጊዜው የተወለደን ሕፃን ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ አድርገን የምንሸፍነው በዚሁ መንገድ ነው። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ይህ ሥራ በ1978 (እ.ኤ.አ.) በኮሎምቢያዋ ቦጎታ የማሞቂያ ሣጥን ባነሰበት ሆስፒታል የተጀመረ ነው። የአገራችን ሐኪም ቤቶችም ይሠሩበታል።

አዲስ አበባ ያለው የልጅ ልጄ ደግሞ በስልኩ ሌላ ጉድ አሳየኝ። ፈረንጆች ቤት ውስጥ ዘንዶ ያሳድጋሉ፤ ዘንዶዋ ስትጥል እንቁላሉን ወስደን ማሽን ውስጥ እናስገባው ወይስ ለእናቱ እንተውላት ብለው ይከራከራሉ። የቡሬዎቹ ባልና ሚስት ክርክር ማለት ነው! እባብ እንደ ዶሮ ይታቀፋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዘንዶዋ ግን እንቁላሎቿን በሰውነቷ ጠምጥማ፣ ራሷን ከላይ አድርጋ፣ ሁለት ወር ከዚያም በላይ ትቀመጣለች። የእስያዋ ዘንዶ ብርድ ሲሆን ጡንቻዎቿን እያንቀጠቀጠች እንቁላሉን ታሞቃለች። ይህንን በኒውዮርኩ ብሮንክስ መካነ አራዊት ያጠኑ ሰዎች በ1966 (እ.ኤ.አ.) ጽፈውታል። የደቡብ አፍሪካዋ ደግሞ መንቀጥቀጥ ስለማትችል ከጉድጓዷ ወጥታ ፀሐይ ትሞቅና ያንን ሙቀት ይዛ ትመለሳለች፤ እስኪፈለፈሉ ድረስም አትበላም። በእኛ አገር ምዕራባዊ ቆላዎች ዘንዶ አለ፤ ማንም ቤቱ አያሳድገው እንጂ። ማሽኑ የተሠራው እንግዲህ የእነዚህን እናቶች ሥራ ለመኮረጅ ነው። ማሽን ደግሞ መብራት ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፤ ዶሮዋ መብራት ኃይልን አትጠብቅም።

ወደ ዶሯችን ልመለስ። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቢሆን ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ጫጩት ብርድ ይገድለዋል፤ ሣሩ ስለሚያድግም ሸለምጥማጥ ይደበቅበታል። እንቁላሉ ከተጣለ ሳምንት፣ ቢበዛ 10 ቀን ያላለፈው ይሁን። እናቶቻችን ጤፍ ውስጥ ቀብረው የሚያቆዩት ልክ ነው፤ ሙቀቱ አይለዋወጥበትም። እንዳታጥቡት። ለአበሻ ዶሮ 11 ወይም 13 በቂ ነው። ጎዶሎ ቁጥር መሆን አለበት የሚለውን ከፈለጋችሁ ጠብቁ፣ ጉዳት የለውም። ሾል ያለው ወንድ፣ ክብ የሆነው ሴት ይሆናል የሚባለውን ግን አትመኑ። በዶሮ ዘር ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የምትወስነው እናቲቱ ናት፤ የሚወሰነውም ቅርፊቱ ሳይሠራ በፊት ነው። እያንዳንዱን እንቁላል በከሰል ምልክት አድርጉበት፤ ሌላ ዶሮ መጥታ ብትጨምርበት ትለዩታላችሁ። ሁሉንም በአንድ ምሽት፣ ጨለማ ሲሆን ከሥሯ አስገቡላት።

የፈረንጅ ዶሮ ያላችሁ፣ በተለይ ቦቫንስና ሎህማን የሚባሉትን ለእንቁላል የወሰዳችሁ፣ እነሱ እንዲታቀፉ አትጠብቁ። ብዙ እንዲጥሉ ሲዳቀሉ የመታቀፍ ጠባያቸው ጠፍቷል። አውራ ከሌለም እንቁላላቸው ጫጩት አይሆንም። ከቡሬ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ የምታገኟት የቲሊሊ ከተማ ስሟ በዶሮ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ የአካባቢው የአበሻ ዶሮ በስሟ ይጠራል። ፈረንጂቱን ስታመጡ ይህችን ሁሉንም አርዳችሁ አትጨርሱ። ሌላው ቢቀር አንዲት ታቃፊ ይኑራችሁ። አለበለዚያ ጫጩት በፈለጋችሁ ቁጥር ከነጋዴ ደጅ መቆም ነው።

ከታቀፈች በኋላ ያለው ሥራ አለመንካት ነው። በቀን አንዴ ተነሥታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ አመድ ውስጥ ትንከባለላለች። ያን ጊዜ የምትጥለው ኩስ ብዙና የሚሸት ነው፤ ታማ አይደለም፣ ጎጆዋን ላለማቆሸሽ ይዛው ስለቆየች ነው። ሃያ ደቂቃ ብትቆይ እንቁላሉ አይበላሽም። ልጆች አሯሩጠው እንዳይመልሷት ንገሯቸው። በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሉን ጨለማ ክፍል ውስጥ በስልክ ባትሪ ብታዩት የሸረሪት ድር የመሰለ ቀይ ሥር ይታያል። ጥርት ያለው ባዶ ነው፣ አውጡት።

በ21ኛው ቀን ደግሞ አዋላጅ የሚሆን አይጠፋም። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከሰበረበት ጊዜ አንስቶ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴ ቀን ሊሞላው ይችላል። እንርዳው ብላችሁ ቅርፊቱን ከላጣችሁት ያልደረቀ የደም ሥር ይበጠስና ይሞታል። የአስኳሉን ትርፍ ወደ ሆዱ ስቦ ስለሚወጣ ለመጀመሪያው ቀን ምግብም አያስፈልገው። ስንት እናት «ቶሎ አውጡልኝ» እያለች ስትለምነኝ «ጊዜው አልደረሰም» ስል እንደኖርኩ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ሰው ያውቃል።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልግባ። ዶሮዋን የት አስቀመጣችኋት? ብዙ ቤት አልጋ ሥር ናት፤ ሸለምጥማጥ እንዳይወስዳት። ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ባወጡት ጥናት፣ ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ቁመታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ዶሮዎቹ ሌሊት ከሰው ጋር በሚያድሩበት ቤት ግን ነገሩ ተገልብጦ የልጆቹ ቁመት ያነሰ ሆኗል። እንቁላሉ ልጅ ያሳድጋል፤ ኩሱን ግን የሚድኸው ሕፃን በእጁ እየነካ አፉ ውስጥ ያስገባዋል። እናም ለታቀፈችው ዶሮ ከቤቱ ውጭ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ፣ ጠንካራ መዝጊያ ያለው ጠባብ ማደሪያ ሥሩላት። የተሰበረ ጋን ወይም ቅርጫት ውስጥ ጭድ፣ ከጭዱ ሥር ጥቂት አመድ ይበቃል። አቅም ከሌለ ቢያንስ ሕፃኑ የማይደርስበት ጓዳ ይሁን፣ የነካ ሰውም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

የመጨረሻው ፈንግል ነው። በቡሬው ጥናት ከ13 እንቁላል 11 ያህል ሲፈለፈል፣ ከተፈለፈሉት ለአቅም የሚደርሱት ከ10 ወደ 6 ብቻ ናቸው። ጭልፊትም አለበት፣ መንደር የሚጨርሰው ግን ፈንግል ነው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሙቀት የሚቋቋም፣ ዓይን ላይ ጠብ የሚደረግ ክትባት ያመርታል፤ በየጥቂት ወሩም ይደገማል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ለአንድ ቤት አይከፈትም። ለዚያች ቡሬ ላለችው ልጅ የነገርኳት፣ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ዶሯቸውን ይቁጠሩና ቁጥሩን ይዛ ቀበሌው ወዳለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንድትሄድ ነው።