መጽሐፍን ይዞ ስለ መጸለይ

ሰው ሊጸልይ በቆመ ጊዜ ብዙ ጊዜ ቃል ያጥረዋል። ልቡ ተጨንቆ ሳለ አፉ የሚናገረውን አያገኝም፤ ወይም ትናንት የለመነውን ዛሬ፣ ዛሬ የለመነውን ነገ ይደግማል፤ «ስጠኝ» እና «አድነኝ» ከማለት በቀር ሌላ አይወጣውም። ሕፃን ንግግርን ከእናቱ አፍ ሰምቶ እንደሚማር፣ ጸሎትንም ከቅዱስ መጽሐፍ መማር ይቻላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ሊለምነው ያላሰበውን ነገር፣ አንዳንድ ጊዜም ሊለምነው የማይወደውን ነገር መለመን ይማራል፤ ጥቅሙም በተለይ በዚህ ነው።

ይህ ልማድ በኢትዮጵያ የቆየ ነው። የቄስ ተማሪ ፊደል ቆጥሮ ንባብ ካወቀ በኋላ ዳዊትን ይደግማል፤ 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ይከፈላል፤ አንዱ ንጉሥም 10 መዝሙር ነው። ዳዊቱን በማኅደር አንግቶ መንገድ የሚሄድ፣ የዕለቱንም ሳያደርስ እህል የማይቀምስ ሽማግሌ አለ። ነገር ግን ግዕዙን ያልተማረ ሰው ቃሉን በከንፈሩ ያመላልሳል እንጂ ምን እንዳለ አያውቅም። እግዚአብሔር ልብን ያያልና ይህን ሰው መናቅ አይገባም፤ ቢሆንም የሚለምነውን ቢያውቅ ይሻለዋል። አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ በካይሮ ከተማ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን በብዙ ድካም ወደ አማርኛ መለሰ፤ ታትሞ ሳያየው ግን ሞተ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አራቱ ወንጌላት በ1824፣ መላው መጽሐፍ በ1840 ዓመተ ምሕረት ታተሙ። ያም ሆኖ አማርኛው ብቻውን ልብን አያነቃም፤ በሚያውቀው ቋንቋ እየሮጠ አንብቦ፣ ያነበበው ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁት የሚያፍር ተማሪ ብዙ ነው።

ነቢዩ ዳንኤል በምርኮ አገር ሳለ የኤርምያስን መጽሐፍ አነበበ፤ ኢየሩሳሌም ፈርሳ የምትቆይበት ዘመን 70 ዓመት እንደ ሆነም ከዚያ አስተዋለ። ሌላ ሰው ቢሆን ዓመቱን በጣቱ ቆጥሮ፣ ደስ ብሎት በተኛ ነበር። ዳንኤል ግን ጾመ፤ ማቅና ዐመድም አድርጎ ወደ አምላኩ ጸለየ። ስለ ሕዝቡ ኃጢአት ሲናዘዝም «እነርሱ በደሉ» ብሎ ራሱን አላወጣም፤ ከበደለኞቹ ጋራ ተቆጠረ እንጂ። የተስፋ ቃል አንብቦ መጀመሪያ ያየው የራሱንና የወገኑን በደል ነው። ታሪኩ በትንቢተ ዳንኤል በ9ኛው ምዕራፍ ይገኛል።

እንዲህ ለመጸለይ ረጅም ንባብ አያስፈልግም። በአንድ ትንፋሽ አንድ ንጉሥ ከመጨረስ ሦስት ወይም አራት ቁጥር በቀስታ፣ ደጋግሞም ማንበብ ይበልጣል። ልብን የነካው ቃል በተገኘ ጊዜ ንባቡን ገታ አድርጎ፣ ያንኑ ቃል በራስ ጉዳይ ላይ አምጥቶ መጸለይ ነው፤ ምስጋና ቢሆን የተቀበሉትን ነገር በስሙ ጠርቶ፣ ንስሐም ቢሆን የሠሩትን ሥራ ሳይሸፍኑ። ዓይኑን ጨፍኖ መጽሐፉን ገልጦ የተገኘውን ቃል እንደ ዕጣ የሚቆጥር ሰውም አለ፤ ይህ ግን ጥንቆላ እንጂ ጸሎት አይደለም።

አንድ ተማሪ ከጓደኛው ጋራ ስለ መቃ ብዕር ተጣልቶ ማታ አባታችን ሆይን ይጸልያል እንበል። ስለ እንጀራው ሲለምን ድምፁ ይሰማል፤ ስለ ይቅርታ ከሚናገረው ቃል በደረሰ ጊዜ ግን ምላሱ ይፈጥናል። መቆም የሚገባው እዚያ ነበር። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ፣ መባውን ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ቢያስብ መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዞአል። ስለዚህ ያ ተማሪ ጸሎቱን ከመካከል ትቶ ወደ ጓደኛው ደጅ ቢሄድ ጸሎቱን አፈረሰ አይባልም።

ከሁሉ የሚከፋው ቃሉን በሰው ላይ መወርወር ነው። ወሰኑ የተገፋበት ወይም ላሙ የተሰረቀችበት ሰው «ዳዊት እደግምበታለሁ» ብሎ ሲዝት ይሰማል፤ በግዕዝ ቁጥር 108ኛ፣ በሌላው ቁጥር 109ኛ የሆነው መዝሙር ርግማን ስላለበት ለዚህ ይመቸዋል። ቢገሥጹትም «እኔ አልጻፍሁት፤ በመጽሐፍ ያለ ቃል ነው» ይላል። እውነት ነው፤ በመጽሐፍ አለ። የተገፋ ሰው እንባውን በእግዚአብሔር ፊት እንዲያፈስ፣ ፍርዱንም ለእርሱ ትቶ ጦሩን እንዲሰቅል ይረዳዋል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ባልንጀራው እንዲሞትለት ያንኑ ቃል እንደ መርዝ እየቀመመ የሚይዝ ሰው መተት ከሚያሠራ ሰው በምን ይለያል? ጌታ ስለሚያሳድዱ ሰዎች ይጸለይ ዘንድ ያዘዘውን ቃልስ በየትኛው ቀን ያነበዋል?

ደግሞም መዝሙሩ በስሙ የሚጠራው ዳዊት ራሱ ሰውን የገፋበት ቀን ነበረ። የኦርዮን ሚስት ወሰደ፤ ኦርዮንንም ጦርነቱ ከበረታበት ስፍራ አቁሞ አስገደለው። የኦርዮ ወገኖች የዳዊትን መዝሙር አንሥተው በዳዊት ላይ ቢደግሙበት ማን ይፈርድባቸው ነበር? እግዚአብሔር ግን ነቢዩን ናታንን ላከ። ናታንም ብዙ በግና ላም ሳለው የድኻውን አንዲት በግ ስለ ወሰደ ባለጠጋ ነገረው። ዳዊት ፈጥኖ ተቆጣ፤ ይህ ሰው ሞት ይገባዋል ብሎም ፈረደ። በዚያን ጊዜ ናታን ያ ባለጠጋ ንጉሡ ራሱ እንደ ሆነ ገለጠለት፤ ዳዊትም አልተከራከረም። በግዕዝ ቁጥር 50ኛ፣ በሌላው 51ኛ የሆነው የንስሐ መዝሙር ናታን ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ የተጸለየ መሆኑ በመዝሙሩ ራስ ላይ ተጽፎአል፤ በዚያም መዝሙር ውስጥ ስለ ጠላት አንድ ቃል እንኳ የለም።