የምሩፅ ይፍጠር ሒሳብ ገና አልተዘጋም

ቶሮንቶ መሐል፣ ከሸርቦርን ጎዳና በስተምሥራቅ፣ ከዌልስሊ ጎዳና በስተሰሜን፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል የረጃጅም ሕንፃዎች ሰፈር አለ። ከሕንፃዎቹ በርከት ያሉት የካናዳ ከተሞችን ስም ይዘዋል፤ ነዋሪዎቹ ግን ከስሪላንካ፣ ከኔፓል፣ ከፊሊፒንስ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ናቸው። በእንዲህ ያለ ሰፈር የአንድ ስፖርተኛ የሥራ ዘመን እንዴት እንደሚመዘን ከጎረቤት መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 እንግሊዛዊው የክሪኬት ፈጣን ኳስ ወርዋሪ ጄምስ አንደርሰን ሲሰናበት፣ ጨዋታውን የሚከታተል ሁሉ ከአንድ ቦታ ነበር የተነሣው፦ 21 ዓመት፣ 188 የቴስት ግጥሚያ፣ 704 ዊኬት። ከዚያ በኋላ ክርክሩ እንደየሰው ነው። ከአገሩ አየር ውጭ ይከብደው ነበር የሚል ይኖራል፤ በ41 ዓመቱም ቢሆን ቡድኑ አሰናበተው እንጂ አልደከመም የሚል ይኖራል። የተጫወተው ሁሉ ስለተመዘገበ የሚከራከሩበት አላጡም።

በዚሁ ከተማ ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. ያረፈው ምሩፅ ይፍጠር እንዲህ ያለ ሚዛን አላገኘም። አስከሬኑ ወደ አዲስ አበባ ተሸኝቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ፤ ሐዘኑም እውነተኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የ“ማርሽ ቀያሪው” ስም በተነሣ ቁጥር የሚደጋገሙት ሦስት ወሬዎች ናቸው፦ ዕድሜው አይታወቅም ነበር፤ ሙኒክ ላይ ውድድር አመለጠው፤ ታስሮ ወጥቶ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ አገኘ። ሦስቱም ለጨዋታ ይመቻሉ። ሦስቱም ደግሞ ከዚህ ሰው የሩጫ ዘመን ስንቱን ማን እንደወሰደበት ከመጠየቅ ያድናሉ።

የዕድሜው ነገር ቀላሉ ነው። በይፋ የሚጠቀሰው የልደት ዓመት እ.ኤ.አ. 1944 ሲሆን፣ በዚህ ስሌት ሞስኮ ላይ 36 ዓመቱ ነበር። የምዕራብ ጋዜጠኞች ግን በራው እያሳበቡ ከዚያ በላይ ይገምቱት ነበር፤ ኢትዮጵያውያንም ቀልዱን ተቀብለው እስከ ዛሬ ይስቁበታል። በልደቱ ዘመን አዲግራት ውስጥ የተወለደን ሕፃን የሚመዘግብ ጽሕፈት ቤት እንዳልነበረ የሚያነሣ የለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ምሩፅ በሞተበት ዓመት ነው። በካናዳ ሰነዱ ላይ ልደቱ “ጃንዋሪ 1” ተብሎ የተሞላለት ስደተኛ በዚህ ቀልድ ለመሳቅ የመጨረሻው ሰው መሆን ነበረበት።

ሙኒክ ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1972 ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ወድቆ ተነሥቶ የዓለም ክብረ ወሰን በሰበረበት የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ምሩፅ ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ አገኘ። በ5,000 ሜትር ማጣሪያ ግን መነሻው መሥመር ላይ አልተገኘም። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተነግሯል፤ አንዱ መጸዳጃ ቤት ሳለ ሰዓቱ አለፈ ይላል፣ ሌላው መግቢያው ጠፍቶበት ነው ይላል፣ ሌላው በጊዜ ያላደረሱትን አሠልጣኞች ይወቅሳል። የትኛውም ቢሆን፣ አንድ ሯጭ በሰዓቱ መነሻው ላይ እንዲገኝ ማድረግ በመጀመሪያ የቡድን መሪዎች ሥራ ነው። አገሩ ሲመለስ ሆን ብሎ ቀረ ተብሎ የታሰረው ግን ሯጩ ነው። ወራት ሳይቆይ፣ በጃንዋሪ 1973፣ በሌጎስ የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች 10,000 ሜትርን አሸነፈ።

ከዚህ ላይ የሚወደደው ተረት ይጀምራል፦ እስር ቤት አጠነከረው፣ ቁጭት ሞስኮ አደረሰው። ይህ አተራረክ ምሩፅን የሚያከብር ይመስላል እንጂ የሚያመሰግነው አሳሪውን ነው። ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው ስላሸነፈ እስሩ ትክክል አይሆንም፤ ባያሸንፍ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣም ባልነበረ። ስለ ሕግ የበላይነትና ስለ ተቋማት ተጠያቂነት ገጽ በገጽ የሚጽፉ የዲያስፖራ ምሁራን ስታዲየም በር ላይ ሲደርሱ እነዚህን መርሖዎች ከውጭ ትተው ይገባሉ።

አራት ዓመት ቆይቶ ሞንትሪያል መጣ። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን አፓርታይድ በሰፈነባት ደቡብ አፍሪካ በመጫወቱ የአፍሪካ አገሮች ኦሊምፒኩን ረግጠው ወጡ፤ ኢትዮጵያም አብራ ወጣች። ሶዌቶ ላይ ተማሪዎች የተገደሉበት ወር ገና ማለፉ ነበርና ውሳኔው ትክክል ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም ትክክለኛ ውሳኔም ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የከፈሉት ሚኒስትሮች አልነበሩም። ምሩፅ በሌለበት ቪረን ሁለቱንም ርቀት ደግሞ አሸነፈ፤ በታሪክ መጽሐፍም “ድርብ ድርብ” ተብሎ ተጻፈ። ከምሩፅ ዓምድ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

እዚህ ላይ የሞስኮ ወርቅ “ርካሽ” ነው የሚሉት ይነሣሉ። አሜሪካ፣ ካናዳና ኬንያ በሌሉበት የተገኘ ነው ይላሉ። የኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ አለመኖር እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 አራት የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው ቀላል ተፎካካሪ አይደለም። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በ1977 ዱሰልዶርፍ፣ በ1979 ሞንትሪያል የተካሄዱትን የዓለም ዋንጫ ውድድሮች ዘንግተዋል። አሜሪካም አውሮፓም የላቁትን ባሰለፉባቸው በእነዚህ ሁለት ውድድሮች ምሩፅ 5,000ውንም 10,000ውንም አሸንፏል። ሞንትሪያል ላይ የሮጠው ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት መንግሥቱ በከለከለው በዚያው የኦሊምፒክ ስታዲየም ነበር። ፉክክሩ ሙሉ በሆነበትም ባልሆነበትም ያሸነፈውን ሰው በሌሎች መቅረት መመዘን አይቻልም።

የሞስኮው 10,000 ሜትር ራሱ ከዚህ ክርክር በላይ ሊነገርለት የሚገባ ሥራ ነው። ምሩፅ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ፍጥነቱን እየቀያየሩ፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየመራ፣ ቪረንንና ሌላውን ፊንላንዳዊ ካርሎ ማኒንካን ዙር በዙር አደከሟቸው። 300 ሜትር ያህል ሲቀር ምሩፅ ማርሹን ቀየረ፤ የመጨረሻውን ዙር በ54 ሰከንድ ገደማ ዘግቶ በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ ገባ። ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ ሆኑ። ከቀናት በኋላ 5,000ውንም ደገመው። አበበ ቢቂላ ለብቻው ሮጦ የሚያሸንፍ ኢትዮጵያዊ አሳይቶ ነበር፤ ሞስኮ ደግሞ በቡድን አስቦ በመጨረሻው ዙር የሚቆርጥ ትምህርት ቤት ከፈተ። ኃይሌ ገብረሥላሴ አርአያዬ ብሎ የጠራው ምሩፅን ነው፤ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመበት ሩጫ ከየት እንደመጣ የሞስኮን ፊልም ያየ ያውቀዋል። ምሩፅ በሁለቱ ርቀቶች የዓለም ክብረ ወሰን አልያዘም። ትሩፋቱን በሰዓት የሚፈልግ አያገኘውም።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ማግስት ግን ተዘጋ። ኢትዮጵያ በ1984 ከሶቪየት ኅብረት ጋር አብራ ከሎስ አንጀለስ ቀረች፤ በ1988 ከሰሜን ኮሪያ ጋር አብራ ከሴኡል ቀረች። የ1976ቱን ያህል የሚከበር ምክንያት ለሁለቱም ማቅረብ አይቻልም። በላይነህ ዴንሳሞ በኤፕሪል 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ አሥር ዓመት የቆየ ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ በዚያው ዓመት መስከረምና ጥቅምት ላይ የዓለም ፈጣኑ ማራቶን ሯጭ ኦሊምፒክ አልሄደም። ከሞስኮ እስከ ባርሴሎና 12 ዓመት ነው፤ ለአንድ ሯጭ ሙሉ ዕድሜ ማለት ነው።

የሚቀርበው መቃወሚያ የታወቀ ነው፦ ፋብሪካ ሲሠራ፣ ጋሪ ሲነዳ የነበረውን ወጣት ሯጭ ያደረገው አየር ኃይሉ፣ ማለትም ራሱ መንግሥት ነው። እውነት ነው፤ ይህን የሚክድ ታሪኩን አያውቅም። ነገር ግን ደመወዝና ማልያ የሰጠ ተቋም የሰውየውን ነፃነት አልገዛም፤ ባለውለታነቱም ከተጠያቂነት አያድነውም። ውለታው ከተጻፈ እስሩም፣ የቀሩት ኦሊምፒኮችም አብረው ሊጻፉ ይገባል።

ጉዳዩ የጥንት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ጸሐፊ መተው በተቻለ ነበር። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ዋዜማ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑና የኦሊምፒክ ኮሚቴው ማን ይሂድ በሚል በአደባባይ ሲናቆሩ፣ ቡድኑ በአንድ ወርቅ ተመልሷል። ዛሬ የሚታሰር ሯጭ ባይኖርም፣ ቅሬታ ያለውን አትሌት የሚሰማ፣ ከሁለቱም አካላት ነፃ የሆነ ዳኛ ማቋቋም የመንግሥትን ካዝና የሚያራቁት ነገር አይደለም። ዲያስፖራው ግን ገንዘብ ሲያዋጣ ለሐውልት ይቀለዋል፤ ሐውልት መልስ አይጠይቅምና።

ሌላም የሚቸኩል ሥራ አለ። ከምሩፅ ጋር የሮጡ፣ ያሠለጠኑ፣ ሙኒክ ላይ አብረውት የነበሩ ሰዎች በሕይወት ካሉ ሰባና ሰማንያ ዓመት የዘለቁ ናቸው። የሙኒክን ጠዋት የሚያስታውስ ሰው ቃሉን ሳይሰጥ ከሞተ፣ የሚቀረው የመጸዳጃ ቤቱ ቀልድ ብቻ ነው። ለዚህ ፈቃድ የሚጠየቅ ሚኒስቴር የለም፤ የሚያስፈልገው መቅረጫ፣ ጊዜና ተራ ጥያቄ የማያፍር ጠያቂ ነው፦ በዚያ ጠዋት ማን ነበር ኃላፊው? ማን አሰረው? በምን ወረቀት?

ከሴንት ጄምስ ታውን ሞንትሪያል በመኪና ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ምሩፅ በ1976 ያልሮጠበት፣ በ1979 ሁለት ጊዜ ያሸነፈበት ስታዲየም አሁንም ቆሟል።