አስቀድሞ የተከፈለበት ማዕድ
በአዘዞው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ለጥምቀት በዓል ጎንደር የሚገባ እንግዳ፣ «ፉል ቦርድ» የሚባለውን፣ ማለትም ቁርስን፣ ምሳንና እራትን ከአልጋ ኪራይ ጋር አጠቃልሎ አስቀድሞ የሚያስከፍለውን የሆቴል ውል ከመቀበሉ በፊት፣ የቀረበለትን የምግብ ብዛት ሳይሆን በእርግጥ ከገበታ የሚቀርብባቸውን ጊዜያት ሊቆጥር ይገባዋል። ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ገሃድ፣ ይኸውም ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚከለከሉበት የዋዜማ ጾም በመሆኑ፣ የተለመደው የእንቁላል ቁርስ ለጿሚው አይሆንም፤ ከሰዓት በኋላ ታቦታቱን አጅቦ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርድና በማግስቱ ንጋት ጸበል ለመረጨት እዚያው ሲገኝ ደግሞ፣ የከፈለበት ማዕድ ሳይነካ ይቀራል። ላልተበላው ገንዘብ የማይመልስ ውል ቅናሽ ቢኖረውም ትርፉ የሻጩ ስለሆነ፣ ለእነዚህ ሁለት ቀናት አልጋውን ብቻ ይዞ ለምግቡ በበሉት ልክ መክፈል ይሻላል።