እጃቸውን ልቀቁላቸው

የእንቁጣጣሽ ጠዋት በራችንን የሚያንኳኩ ልጆች ይዘውት የሚመጡት ሥዕል የእነሱ አይደለም። ማተሚያ ቤት ያወጣው፣ ነጋዴ በየመንገዱ ዳር የዘረጋው፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ነው። አደዩ እንከን የለውም፤ የመልአኩ ክንፍ ልክክ ብሏል፤ የመልካም ምኞቱ ጽሑፍ እንኳ በኮምፒውተር ተለቅሟል። ልጁ የሠራው ነገር ቢኖር ከእናቱ ገንዘብ ተቀብሎ መግዛትና መልሶ ለእኛ መስጠት ነው። ይህን ባህል የሚለው ይበል፤ እኔ ንግድ ነው የምለው፤ ያውም ሕፃናትን ተላላኪ ያደረገ ንግድ።

ባህሉማ ሌላ ነበር። ጳጉሜን ስትገባ ልጆች ከደብተራቸው መካከል ወረቀት ይገነጥላሉ፤ ቀለም ሲያጥራቸው ቅጠል ጨምቀው አረንጓዴ፣ አበባ አሽተው ቢጫ፣ ከሰል ፈጭተው ጥቁር ያወጣሉ። በጎጃምና በሌሎችም አካባቢዎች ልጃገረዶች በዋዜማው መስክ ወርደው እንግጫ ይነቅላሉ፤ ከአደይ ጋር ጎንጉነው ቤት ያስጌጡበታል። የሚሥለውም የሚጎነጉነውም ልጅ ነበር። ሥዕሉ ቢንጋደድ፣ ፀሐይዋ ከቤቱ ብታንስ፣ የአበባው ግንድ ከዛፍ ቢወፍር ማንም አያርመውም። አባወራው ተቀብሎ መርቆ ሳንቲም ይሰጣል፤ ሥዕሉም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ዛሬ ግን የልጅን እጅ የሚያምን ጠፍቷል። ልጄ ሕፃን ሳለች ትውልበት ከነበረ አንድ መዋዕለ ሕፃናት የወረቀት አበባ ይዛልኝ መጣች። ጠርዙ በመቀስ ተስተካክሎ ተቆርጧል፤ ሙጫው የት እንደነካ አይታይም። «ማን ሠራው?» ብላት «ቲቸር» አለችኝ። የእሷ ድርሻ ከታች የተጻፈው ስሟ ብቻ ነበር፤ እሱንም የጻፈችው መምህሯ ናት። ይህ ማስታወሻ አይደለም፤ ሐሰት ነው። መምህሯንም ለዚህ ያበቃት የወላጅ ዓይን ነው፤ ንጹሕ ሥራ ካላየ «ለምንድን ነው የምከፍለው?» ብሎ የሚቆጣ ወላጅ ሞልቷልና።

የአራት ዓመት ልጅ በገዛ እጁ ሊያደርቃት የቀጠፋትን አንዲት አደይ ሳትቀደድበት ወረቀት ላይ ለማስተኛት ሲታገል ምን እየሠራ እንደሆነ እንወቅ። ነገ እርሳስ የሚይዙትን ጣቶች እያሠለጠነ ነው። ቅጠሏ እንዴት እንደተሰነጣጠቀ፣ መሐሏ ከዳሯ በምን እንደሚለይ እያየ ነው። መጠበቅንም እየተማረ ነው፤ አበባ በአንድ ቀን አይደርቅምና።

አበባ የማድረቁ ሥራ ደግሞ ቀላል ነው። ጤዛው ከረገፈ በኋላ ጥቂት አደይ መቅጠፍ፤ በጋዜጣ መካከል ዘርግቶ ከባድ መጽሐፍ መጫን፤ እንዳይሻግት ጋዜጣውን በየጥቂት ቀኑ መቀየር፤ ከአንድ ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርቶን ላይ በሙጫ ማጣበቅ። ከጀርባው የልጁ ስም፣ ቀኑና የተቀጠፈበት ቦታ ይጻፍ። ለዚህ ትዕግሥት ላልደረሱት ትንንሾች ቅጠል ከወረቀት ሥር አድርገው በከለር ማሸት ይበቃቸዋል፤ የቅጠሉ ጅማት ሁሉ ቁልጭ ብሎ ሲወጣ ደስታቸውን ማየት ነው። ባቄላና ሽምብራ ወረቀት ላይ መለጠፍ አፋቸውና አፍንጫቸው ውስጥ ለማይከቱ ልጆች ይሁን። ወተቱ ዓይን የሚጎዳውን ቁልቋልና መርዛሙን ዕፀ ፋሪስ ደግሞ አታስነኳቸው።

«የልጅ ጨዋታ» ብሎ የሚንቅ ካለ ይህን ይስማ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሯል። በወረቀት መካከል ያደረቃቸው ተክሎች ዛሬም በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ተቀምጠው ተመራማሪ ይጠቀምባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ የዕፅዋት ማኅደርም ሀብቱ ይኸው ነው፤ የደረቀ ተክል፣ የሰብሳቢው ስም፣ ቀንና ቦታ። ልጃችሁ በጋዜጣ መካከል የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስድስት ሺህ ያህል የዕፅዋት ዝርያ ባላት፣ ከእነዚህም አሥር በመቶ የሚሆኑት በሌላ አገር በማይበቅሉባት ኢትዮጵያ ልጅ አበባን ከማተሚያ ቤት ወረቀት ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው?

«ቤቱ ይቆሽሻል» ይሉኛል። ይጠረጋል። «ጊዜ የለንም» ይላሉ፤ ስልክ ላይ የሚያልፈው ምሽት ከየት መጣ? «የታተመው ያምራል» ይላሉ። ለማን? የዛሬ ሃያ ዓመት ከሳጥን አውጥታችሁ የምታዩት የተንጋደደውንና የልጃችሁ አሻራ ያረፈበትን ነው፤ የታተመውንማ ያን ጊዜም ከሱቅ ታገኙታላችሁ።

አደይ ከመስከረም ብዙም አታልፍም። ስለዚህ ወላጆች፣ ዘንድሮ የታተመ ሥዕል አትግዙ፤ ወረቀትና ከለር ስጧቸውና እጃችሁን ሰብስቡ። መምህራን፣ የተጣመመውን ሥራ ሳታርሙ ወደ ቤት ላኩት። በር የምትከፍቱ ጎረቤቶችም፣ በገዛ እጁ ሥሎ ለመጣው ልጅ ሳንቲሙን እጥፍ አድርጉለት፤ የታተመውን ይዞ የመጣውን ደግሞ መርቃችሁ «ለከርሞ የራስህን ሥዕል አምጣልኝ» በሉት። ልጅ የሚጠበቅበትን ያውቃል፤ የራሱን ሥራ ከጠየቅነው ይሠራል።